እውቀትን ከሥራ የሚያገናኘው ምናብ ነው

የሰው ልጅ ብዙ ያውቃል፤ ከሚያውቀው ውስጥ ግን በሥራ ላይ የሚያውለው ጥቂቱን ነው። የጎርፍ መውረጃው ቦይ በቆሻሻ ከተደፈነ በሐምሌ ውሃው ቤት ሰብሮ እንደሚገባ የማያውቅ የመንደር ነዋሪ የለም፤ በግንቦት አካፋና ዶማ ይዞ የሚወጣው ግን ስንቱ ነው? የኩሽኔታው ድምፅ ከተለወጠ ማሽኑ ሊሰበር መቃረቡን የማይረዳ ነባር የፋብሪካ ሠራተኛ የለም፤ ሥራውን አስቁሞ ጥገና የሚያስጠራው ግን ስንቱ ነው? ያልታከመ ውሃ ተቅማጥ እንደሚያስከትል በየግድግዳው ተጽፏል፤ ተቅማጡ ግን ጽሑፉን አንብቦ አልሄደም።

እውቀት ሳይጎድል ሥራ የሚጎድልበት ምክንያት ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ዘወትር የሚሰጡት መልሶች ሦስት ናቸው። አንደኛው የገንዘብና የመሣሪያ እጥረት ነው፤ ሁለተኛው ስንፍና ነው፤ ሦስተኛው የአመራር ድክመት ነው። ሦስቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ሆኖም ገንዘብ እያለ፣ ታታሪ ሰው እያለ፣ መመሪያም ወርዶ እያለ እውቀት በወረቀት ላይ ሲቀር በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለዚህ ከሦስቱ ሌላ፣ በስብሰባዎቻችን ስሙ እምብዛም የማይነሣ አንድ ጉድለት አለ እንላለን። እርሱም የምናብ ጉድለት ነው።

ምናብ ምን ማለት ነው?

ምናብ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ደራሲና ሠዓሊ ነው። ምናብ የኪነ ጥበብ ሰዎች ሀብት፣ ለሠራተኛና ለመንደር ነዋሪ ግን የማያስፈልግ ቅንጦት ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ አመለካከት ጠባብ ነው። ምናብ ማለት ገና ያልተፈጠረን ነገር ወይም ከዓይን የራቀን ሁኔታ በህሊና ፊት አቁሞ የማየት ችሎታ ነው። ሸማኔው መወርወሪያውን ከማንሣቱ በፊት ጥለቱን በሐሳቡ አይቶታል። ግንበኛው የመጀመሪያውን ድንጋይ ከማስቀመጡ በፊት ግድግዳው የት እንደሚታጠፍ ተረድቷል። እናት ልጇ ዳዴ ማለት ሳይጀምር ምድጃውን ትከልላለች፤ ቃጠሎውን ያየችው በዓይኗ ሳይሆን በህሊናዋ ነው። በመሆኑም ምናብ በሥራ ውስጥ ያለ፣ ከሥራ የሚወለድና ሥራን የሚመራ የአእምሮ ኃይል ነው።

ከዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ከእውቀት የተፋታ ምናብ ነው። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ የተረቱት በእንዲህ ያለው ባዶ ምኞት ላይ ነው። በተጨባጩ ሁኔታ ላይ ያልቆመ ምናብ ዕቅድ ያበዛል እንጂ ፍሬ አያፈራም። ሁለተኛው ስሕተት ከምናብ የተፋታ እውቀት ነው። እንዲህ ያለው እውቀት አፉ እንደ ተመረገ ጎተራ ነው፤ እህሉ አለ፣ ረሀቡም አለ፣ ሁለቱ ግን አይገናኙም። ስለ መጀመሪያው ስሕተት ብዙ ተብሏል። ሁለተኛው ግን ዕውቅ፣ ሥርዓት ያለውና የተከበረ ስለሚመስል ሳይነቀፍ ይኖራል።

ይህን በባዶ ቃል ከምናስረዳ ይልቅ በታሪክ የተመዘገቡ ሁለት ተጨባጭ ምሳሌዎችን እንመርምር። አንደኛው ከገዛ ወንዛችን ዳር የተገኘ ነው፤ ሁለተኛው በስደተኞች ሠፈር ውስጥ የተፈተነ ነው።

ከአድዋ ወንዝ ዳር

ብልሃርዝያ የሚባለው በሽታ ሰውንና ወንዝን አስተሳስሮ የሚኖር ነው። የጥገኛ ትሉ ዕንቁላል ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ከዕንቁላሉ የሚወጣው እጭ በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ ወንዝ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ትሉን ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ አገኘው። የቀንድ አውጣው ድርሻ በግብፅ በተደረገ ምርምር የተረጋገጠው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው ሰንሰለት እንደሚበጠስ በሳይንስ ዓለም የታወቀ ነበር። ነገር ግን ቀንድ አውጣን የሚገድሉት ኬሚካሎች በኢንዱስትሪ አገሮች የሚመረቱና ዋጋቸው ውድ ስለነበር ለድሀ አገር ገበሬ የሚደርሱ አልነበሩም። እውቀቱ ነበረ፤ ለሰፊው ሕዝብ የሚጠቅም ተግባር ግን አልሆነም።

በሌላ በኩል የኢትዮጵያ እናቶች ከትውልድ ትውልድ ሲወራረስ የመጣ ሌላ እውቀት ነበራቸው። የእንዶድ ፍሬ ደርቆና ተወቅጦ ከውሃ ጋር ሲመታ አረፋ ያወጣል፤ ሸማን ያነጣል። ይህ በየቤቱ የታወቀ ነገር ነው። ሁለቱ እውቀቶች፣ ማለትም የምርምር ቤቱ እውቀትና የልብስ አጣቢዋ እውቀት፣ በአንድ ወንዝ ዳር ሳይተዋወቁ ኖረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት አድዋ ሄዱ። በዚያም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ፣ ውሃው በሚወርድበት በኩል፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው ተመለከቱ። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሞተ ቀንድ አውጣ ከዚያ በፊትም በዚያ ወንዝ ዳር ነበር፤ ብዙ ሰውም አልፎበታል። የዶክተር አክሊሉ ልዩነት በዓይን ያዩትን ሙት ቀንድ አውጣ በዓይን ከማይታየው ጋር ማያያዛቸው ነው። ሙቱን ቀንድ አውጣ አይተው ያልታመመ ልጅ ታያቸው። የልብስ ማጠቢያውን አረፋ አይተው የበሽታ መከላከያ ታያቸው። ይህ ነው ምናብ የምንለው።

ምናቡ ግን ብቻውን አልተተወም፤ ወደ ፍተሻ ተወሰደ። ለዓመታት በላብራቶሪ ተመረመረ፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር መሆኑ ታወቀ። ከዚያም በአድዋ ለአምስት ዓመት በተካሄደው የመስክ ሙከራ በትንንሽ ሕፃናት ላይ የሚታየው የብልሃርዝያ ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ማለቱ ተመዘገበ። የዕፅዋት ተመራማሪው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስም በየአገሩ የሚበቅለውን እንዶድ አሰባስበው በማወዳደር ኃይለኛውንና ምርታማውን ዝርያ ለመለየት ደከሙ። ሁለቱ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ደስ ባለን ነበር። እውነቱን መናገር ግን ግዴታችን ነው። እንዶድ ከሽልማቱ በኋላ የየወንዙ ዳር መከላከያ ሆኖ አልተስፋፋም። ይህ የሆነበት ምክንያት ብዙ ነው። የውጭ ተቋማት አመኔታ እስኪያገኝና የመርዛማነት ፍተሻው እስኪሟላ ድረስ ረጅም ዓመታት አልፈዋል። ዱቄቱ ዓሣንም ስለሚገድል ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ግን ግኝቱ ሁለተኛ ምናብ ይሻ ነበር። ፍሬውን ማን ይተክለዋል? ማን ለቅሞ ያደርቀዋል? በየትኛው ወር፣ በየትኛው ወንዝ፣ በስንት መጠን ይጨመራል? ያ ሥራ የማን የዘወትር ኃላፊነት ይሆናል? የመጀመሪያው ምናብ ግኝትን ይወልዳል፤ ግኝቱን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ የሚያበቃው ሁለተኛው ምናብ ነው።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው የተሳተፉበት ምርምር በአሜሪካ ኦሃዮ ክፍለ ግዛት ተካሄደ። አድዋ ላይ ቀንድ አውጣን የገደለው እንዶድ በታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ የውሃ ቧንቧዎችን የሚደፍነውን ባለ ዛጎል ፍጡርም ሊያጠፋ እንደሚችል ታየ። ግኝቱም በዚያው አገር ዩኒቨርሲቲ ስም በፈጠራ መብት ተመዘገበ፤ ይህም የባለቤትነት ክርክር አስነሣ። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይሠራል። በደጃችን የበቀለውን ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ በህሊናው ያየ ሰው፣ ጥቅሙንም አስቀድሞ ያያል።

ጨው፣ ስኳርና አንድ በርሜል ውሃ

ሁለተኛው ምሳሌያችን ከእስያ ነው። የወሰድነውም ለመንደር ሥራ የቀረበ ትምህርት ስላለው ነው። ኮሌራ ሰውን የሚገድለው የሰውነቱን ውሃና ጨው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አሟጥጦ ነው። በሽተኛው ውሃ ብቻ ቢጠጣ አንጀቱ በሚገባ አይቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮበርት ክሬን የተባሉ ሳይንቲስት ግሉኮስ የሚባለው የስኳር ዓይነት በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ ጨውን አብሮ ይዞ እንደሚያልፍ አስረዱ። ጨው ካለፈ ውሃውም ይከተለዋል። ይህ በሊቃውንት ጉባኤ የተነገረ እውቀት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ በዳካና በካልካታ በሆስፒታል ተፈተነ፤ ውጤቱም መልካም ሆነ። ቢሆንም ሐኪሞች ዘንድ የጸናው እምነት ከባድ በሽተኛ በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ፣ በባለሙያ እጅ ብቻ ይታከማል የሚል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1971 ጦርነት ከዛሬዋ ባንግላዴሽ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ሕንድ አሰደደ። በድንበሩ አቅራቢያ ባለችው በቦንጋኦን ኮሌራ ገባ። በሽተኞቹ በሆስፒታሉ ወለል ላይ ተደርድረው ተኙ፤ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ተሟጠጠ። በዚያ የነበሩት ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ ፈሳሹ እስኪመጣ እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። ለአንድ ሊትር ውሃ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨውና 2.5 ግራም ሶዳ ተመዝኖ በከረጢት እንዲታሸግ አደረጉ። ውህዱ ቧንቧ በተገጠመለት በርሜል ውስጥ ተበጠበጠ፤ የበሽተኞቹ ቤተሰቦች ኩባያ ይዘው እየቀዱ እንዲያጠጡ ተደረገ። ቀደም ሲል ወደ 30 በመቶ ይደርስ የነበረው ሞት ይህ ሕክምና በተሰጣቸው መካከል ወደ 3.6 በመቶ ወረደ።

ማሃላናቢስ አዲስ ንጥረ ነገር አልፈለሰፉም። ጨው ነበረ፤ ስኳር ነበረ፤ የክሬንም እውቀት ነበረ። የእርሳቸው ድርሻ ሌላው ሐኪም አስታማሚ ብቻ ብሎ ያለፋትን እናት እንደ ነርስ አድርገው ማየታቸው ነበር። በርሜሉን እንደ ፋርማሲ፣ ኩባያውን እንደ ሕክምና መሣሪያ አዩት። በሽታው በዚያው ቀን መልስ ይፈልግ ስለነበር ምናባቸው ወደ ሩቅ አልሄደም፤ እግራቸው ሥር ወዳለው ነገር ተመለሰ። ዛሬ በጤና ጣቢያዎቻችን «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» እየተባለ በከረጢት የሚሰጠው ውህድ የዚህ ሥራ ውጤት ነው።

እውቀት ወደ ጎጆው ሲሄድ

በርሜሉ በሠፈር ውስጥ ሠራ፤ ነገር ግን ተቅማጥ የሚገድለው በሠፈር ብቻ አይደለም። በባንግላዴሽ ገጠር ከረጢቱም ሚዛኑም የማይደርስባቸው ሚሊዮን ጎጆዎች ነበሩ። ብራክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ሴት አስተማሪዎችን ቤት ለቤት ላከ። አስተማሪዋ እናቲቱን የምታስተምረው በግራምና በሊትር አልነበረም፤ በሦስት ጣት ቆንጠር የተደረገ ጨው፣ በእጅ ጭብጥ የተያዘ ስኳር፣ ከግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ ጋር። ሚዛን የሌለው ሰው እጅ አለው። ይህን ማሰብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ያንን ለማሰብ በዚያ ጎጆ ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ በህሊና ገብቶ ማየት ይጠይቃል።

ከዚህም ሌላ የአስተማሪዋ ክፍያ በጎበኘቻቸው ቤቶች ቁጥር አልተወሰነም። ተቆጣጣሪ ከቆይታ በኋላ ተመልሶ እናቶቹን ይጠይቃል፤ ክፍያውም ባስታወሱት ልክ ይወሰናል። ስንት ሰው ተነገረው የሚለው ጥያቄ ቀርቶ ስንት ሰው ሊሠራው ይችላል ወደሚለው ተለወጠ። በአሥር ዓመት ውስጥ ትምህርቱ ከ12 ሚሊዮን የማያንሱ ቤተሰቦችን አዳረሰ።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በዚሁ አስተሳሰብ ላይ የቆመ ነው። በሽተኛው ወደ እውቀት እስኪመጣ መጠበቅ ቀርቶ እውቀት ወደ በሽተኛው ደጅ እንዲሄድ ተደረገ። ከ30 ሺህ በላይ የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች የሆኑ ባለሙያዎች ሠልጥነው በየቀበሌው ተሰማርተዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ባለሙያዋ በሩን ብታንኳኳም ከበሩ በስተ ውስጥ ያለውን ሁኔታ ከእርሷ ይልቅ የሚያውቀው ነዋሪው ነው። እዚህ ላይ የነዋሪዎች ማኅበር ድርሻ ይጀምራል።

የስብሰባ ውሳኔና የማግስቱ ጠዋት

የነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ሲያደርግ የሚወስነው ውሳኔ ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው። «እጅ በሳሙና ይታጠብ»፣ «እያንዳንዱ ቤተሰብ መጸዳጃ ቤት ይሥራ»፣ «ቦዩ ይጠረግ» ይላል። ቃለ ጉባኤው ይፈረማል፤ መዝገቡ ይዘጋል። በማግስቱ ጠዋት ግን ሕይወት እንደ ትናንቱ ይቀጥላል። ለምን? ውሳኔውን ያሳለፈው ስብሰባ ማግስቱን ጠዋት በህሊናው ስላላየው ነው።

እስቲ አንድ መጸዳጃ ቤት እናስብ። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፤ ሪፖርቱም ተልኳል። ነገር ግን ማታ ሕፃኑ ጨለማውን ፈርቶ አይገባበትም። ጉልበታቸው የታመመ አዛውንት መቀመጥና መነሣት ያቅታቸዋል። በር ስለሌለው ሴቶች ቀን ቀን ያፍራሉ። ስለዚህ ሁሉም ወደ ቀድሞው ወንዝ ዳር ይመለሳል፤ የብልሃርዝያው ዕንቁላልም ወደ ወንዙ ይመለሳል። ዛሬ ለብልሃርዝያ ፕራዚኳንተል የተባለ ፍቱን መድኃኒት አለ፤ በትምህርት ቤቶችም ይታደላል። መድኃኒቱ ግን ልጁን ያድናል እንጂ ወንዙን አያድንም። የዳነው ልጅ ነገ እዚያው ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደገና ይያዛል። እንግዲህ በዚያ መጸዳጃ ቤት ላይ የጎደለው አንድ ፋኖስ፣ አንድ የእጅ መደገፊያ እንጨትና አንድ የማዳበሪያ ጆንያ መጋረጃ ነው። ጉድለቱ የገንዘብ አልነበረም፤ ቀድሞ ያልታሰበ ነገር ነበር።

በመሆኑም ማንኛውም ማኅበር ውሳኔውን ከመፈረሙ በፊት አራት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ ይጠቅማል እንላለን። አንደኛ፣ ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ማን ነው? በስንት ሰዓት፣ ምን ይዞ ይሠራዋል? «ነዋሪው» የሚል መልስ አይበቃም፤ ነዋሪው ውሃ ቀድታ የምትመለሰው እናት ናት ወይስ ከሌሊት ፈረቃ የሚገባው ሠራተኛ? ሁለተኛ፣ የሚያደናቅፈው ነገር ምንድን ነው? ቧንቧ በሌለበት እጅ ይታጠብ ከማለት በፊት የተበሳ ጀሪካን በደጅ መስቀል ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ በእጃችን ምን አለ? አሮጌው በርሜል፣ የተጣለው ቆርቆሮ፣ በጡረታ ላይ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ፣ የሰፈሩ እድር ድንኳንና ወንበር የት ናቸው? አራተኛ፣ ሥራው መሠራቱን በምን እናውቃለን? የተነገረውን ሰው ሳይሆን የሠራውን ሰው የሚቆጥረው ማን ነው?

እነዚህ ጥያቄዎች ለፋብሪካም ይሠራሉ። የኩሽኔታውን ድምፅ የሰማው ሠራተኛ ማሽኑ በሚሰበርበት ሰዓት በአጠገቡ ቆሞ የሚሆነውን የሥራ ባልደረባውን እጅ በህሊናው ካየ ዝም ብሎ አያልፍም። የማሽኑ ድምፅ ለጆሮ ብቻ ከሆነ ተራ ጩኸት ነው፤ ለምናብ ከደረሰ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ኃላፊውም እንዲሁ ማሽን በመቆሙ የጠፋውን አንድ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ባለመቆሙ ሊጠፋ የነበረውን ጣት ማየት ይገባዋል።

ምናብ የጥቂት ባለ ተሰጥዎዎች ስጦታ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ምናብ በልምምድ ይዳብራል፤ በብዙዎች ውይይትም ይበለጽጋል። አንድ ሰው ብቻውን የመንደሩን ሁሉ ጠዋት ማየት አይችልም። እናትየዋ የውሃ ወረፋውን ታውቃለች፤ ተማሪው የትምህርት ቤቱን መንገድ ያውቃል፤ ጥበቃው ሌሊቱን ያውቃል፤ አካል ጉዳተኛው ደረጃውን ያውቃል። የእነዚህ ሁሉ እይታ በአንድ ስብሰባ ላይ ሲገናኝ የጋራ ምናብ ይሆናል። በስብሰባ ላይ የሚናገሩት ዘወትር እነዚያው ሦስት ሰዎች ከሆኑ ግን የሚታየው የሦስት ሰው ጠዋት ብቻ ነው።

ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ጎርፍ የማይገባበትን መንደር አይቶ የማያውቅ ሰው ጎርፉን እንደ ዕጣ ፈንታው ይቀበላል። ልጆች በተቅማጥ የማይሞቱበትን ቀበሌ በህሊናው ያልሣለ ማኅበር ሞቱን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቆጥራል። ስለዚህ ሰዎች ሊደርሱበት የሚችሉትን ኑሮ በግልጽ፣ በዝርዝር፣ ያለ ማጋነን ማሳየት የማንኛውም ሰብሳቢ የመጀመሪያ ተግባር ነው። ያለ ማጋነን ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የማይፈጸም ተስፋ የሕዝብን ምናብ ያደክማል፤ ያልተፈጸመ ተስፋ የሰማ ሕዝብም ቀጣዩን እውነተኛ ጥሪ ይጠራጠራል።

ይህ ጽሑፍ የሚነበብበት ወር የትኛውም ይሁን፣ በየመንደሩ አንድ የታወቀ ነገር ግን ያልተሠራ ሥራ ይኖራል። የቀጣዩ ስብሰባ አጀንዳ እርሱ ይሁን። «ምን እናውቃለን?» የሚለው ጥያቄ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ መልሱ በአብዛኛው በሁሉም ዘንድ አለና። የቀረው ጊዜ ለማግስቱ ጠዋት ይዋል፦ ማን በስንት ሰዓት ይነሣል፣ አካፋው በማን ቤት አለ፣ የተጠረገው ጭቃ የት ይደፋል፣ ማንስ መጥቶ ያያል? እነዚህን መልሶ የተበተነ ስብሰባ ሥራውን ግማሽ ሠርቶታል፤ የቀረው ግማሽ ክንድ ብቻ ይፈልጋል፤ ክንድ ደግሞ አለን።